የሞተችበት ቀን አልተሞላም

«ሞታለች፤ የሞተ ሰው ደግሞ አይከራከርም» የሚለውን ድምፅ መዝጋቢዋ የሰማችው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የኃላፊው በር ገርበብ ብሎ፣ ስልኩም ማጉያው ላይ ሆኖ ነው። ኃላፊው ስልክ ጆሮው ላይ አያስጠጋም፤ ጆሮዬን ያግለኛል ይላል። ተናጋሪው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሁለተኛ ቃል አላስፈለጋትም። የእናቷ ታላቅ ወንድም ነው፤ ጋዜጦቹ «አንጋፋው ድምፃዊ» ይሉታል፣ እሱም ስልክ ሲያነሣ «አንጋፋው ነኝ» እያለ ይመልሳል። ሞተች የተባለችውንም ወዲያው አወቀቻት። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት የፈታት ሚስቱ ናት። ሌላ ሰው ቢሆን በመርዶ ይደነግጥ ነበር። መዝጋቢዋ የያዘችውን የሙዚቃ ሸክላ ክምር ደረቷ ላይ አስደግፋ ኮሪደሩ መሐል ቆመችና ሳቋ መጣ። ምክንያቱም ሟቿን ባለፈው ወር በዓይኗ አይታታለች፤ አንድ ክንድ ሙሉ የታጠበ ሸሚዝ ተሸክማ፣ ለአውቶቡስ ከሚሮጡት ወጣቶች ሁሉ ፈጠን ብላ መንገድ ስትሻገር።

የሙዚቃ ክምችት ክፍሉ የሚገኘው በሬዲዮ ጣቢያው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ቀጥሎ ነው። መስኮቱ አንድ ነው፤ እሱም የሚያየው የጄኔሬተሩን ጭስ ማውጫ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ የቆመው የብረት መደርደሪያ በሸክላና በካሴት ተጨናንቋል፤ መዝጋቢዋም ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ይህንን ሁሉ አንድ በአንድ እያወጣች ኮምፒዩተር ውስጥ ስታስገባ ኖራለች። ሥራው ለሚያየው ሞኝ ይመስላል። የዘፈኑ ርዕስ፣ ዘፋኙ፣ ግጥሙና ዜማው የማን እንደሆነ፣ ያሳተመው ማን እንደሆነ፣ የእትሙ ቁጥር፣ የወጣበት ዓመት። ከእሷ በፊት የነበሩት ሠራተኞች ግን ይህንንም አልቻሉበትም። አንዱ የሰማውን፣ አንዱ የመሰለውን፣ አንዱ ደግሞ ምሳ ሰዓት ሲደርስ የቀለለውን ጽፎ ሄዷል። አንዲት ዘፋኝ በእሳቱ ሰ፣ በንጉሡ ሠ፣ በሃሌታው ሀ፣ በሐመሩ ሐ እየተጻፈች ሰባት ሰው ሆና ተገኝታለች። ሁለት ወንድማማቾች ደግሞ አንድ ሰው ሆነው ተመዝግበዋል፤ ከሁለቱ አንዱ ይህንን ሊያስተካክል መጥቶ ኃላፊው «ነገ ተመለስ» እንዳለው ዓመቱን ደፍኗል። መዝጋቢዋን ይህ ሁሉ ዝርክርክነት በግሏ የተሰደበች ያህል ያንገበግባታል። ግድግዳው ላይ በራሷ እጅ ጽፋ የለጠፈችው ደንብ አጭር ነው፦ «እያንዳንዱ እትም ለብቻው ይመዝገብ። የተጻፈው እንደተጻፈ ይሁን። ስም ከመዝገብ የሚሰረዘው ባለስሙ ከፈረመ፣ ከሞተም ወራሹ ከፈረመ ብቻ ነው።» የሥራ ባልደረቦቿ ስለዚህ «አራት ነጥብ» ብለው አውጥተውላታል። ቅጽል ስሙን የሰማችው ቀን አልተቀየመችም። ከእነሱ የወጣ አንድ ትክክለኛ ነገር ይኼ ብቻ ነው ብላ አለፈችው።

ኃላፊውን ሁሉም «ዶክተር» ይለዋል። ዶክትሬቱን ስለያዘ አይደለም፤ ከጀመረው ዘጠኝ ዓመት ስለሆነው ነው። ሙዚቃ ራስ ምታት ይቀሰቅስብኛል የሚል ሰው የሙዚቃ ክምችት ክፍል ኃላፊ መሆኑ ከእሱ በቀር ሁሉንም ያስቃል። ሦስት ሰዓት ላይ አስጠራትና ወንበር ሳያሳያት ነገሩን ዘረዘረላት። የአንጋፋው ሙሉ ሥራዎች በአንድ ሣጥን ተሰብስበው እንደ አዲስ ሊወጡ ነው። ከሣጥኑ ጋር የሚታተመው መጽሔት ዝርዝሩን የሚወስደው ከእነሱ መዝገብ ነው። ማተሚያ ቤቱ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ሰው ይልካል። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ መዝገቡ ወጥነት ይጎድለዋል። አሥራ ሁለት ዘፈን በያዘው በመጀመሪያው ትልቅ ሸክላ ላይ የዘጠኙ ዜማ በአንዲት ሴት ስም ተጽፏል። እነዚያው ዘፈኖች በካሴት ሲወጡ «ዜማ፦ የሕዝብ» ተብለዋል። በሲዲው ላይ ደግሞ ግጥሙም ዜማውም የአንጋፋው ሆኗል። እንግዲህ የመጨረሻው የተስተካከለው ነው፤ ሁሉም በእሱ ይሁን፣ ሴትዮዋም በሕይወት የለችም፣ የቀድሞ ባሏ እንደ ወራሽ ይፈርማል አላት። ከዚያም ፈገግ ብሎ፣ «ወጥነት፣ ወጥነት ስትዪ አይደል የከረምሽው? ይኸው እንግዲህ» አላት።

መዝጋቢዋ ለአሥራ አንድ ዓመት የለፋችበት ቃል እንዲህ ባለ አፍ ውስጥ ሲላመጥ ማየቱ ከሁሉም በላይ አስጠላት። ወጥነት ማለት ሦስት የተለያየ ወረቀት አንድ ዓይነት እንዲናገር ማስገደድ እንዳልሆነ፣ ሦስቱንም በአንድ ዓይነት ታማኝነት መጻፍ እንደሆነ ልታስረዳው አሰበችና ተወችው። ውሃ በወንፊት አይቀዳም። ደግሞም ፈርታ ነበር። ወደዚህ መሥሪያ ቤት በስልክ ያስገባት አጎቷ ነው። እሷና እናቷ የሚኖሩባቸው ሁለት ክፍሎች ያሉት በአጎቷ ግቢ ውስጥ፣ ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ነው። እናቷ ሴትዮዋን በስም አትጠራትም፤ «ያቺ» ነው የምትላት። ከዘመድ አንዱ ስለ እሷ ከጠየቀም እናቷ ሳህን ማንሣት ትጀምራለች። መዝጋቢዋ ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላት ድረስ «እትዬ» ስትላት የነበረች ሴት እንዲህ ሆና ነው ከቤቱ ወሬ የወጣችው። ባለፉት ሁለት ዓመታት የት እንደምትሠራ እያወቀች አንድ ቀን እንኳ ገብታ ሰላም አላለቻትም። ለአጎቷ ያላት ንቀት ራሷንም የሚነካት ለዚህ ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ ምሳዋን ትታ ወጣች። የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ከጣቢያው በእግር ሩብ ሰዓት ያስኬዳል፤ በጫማ መጠገኛና በመነጽር መሸጫ መሐል ተጣብቋል። መስታወቱ ላይ የሸሚዝ፣ የሱሪ፣ የካፖርት ዋጋ በሦስት ቀለም ተለጥፏል፤ የካፖርቱ ሁለቴ ተሰርዞ ሁለቴ ጨምሯል። ከባንኮኒው ኋላ ሴትዮዋ በእንፋሎት መሐል ቆማ የአንገት ልብስ ትተኩሳለች። ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። ከጎኗ ባለው ረጅም ብረት ላይ የተሰቀለው ልብስ ሁሉ ኮሌታው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ ተይዞለታል፤ ቁጥሩ በአንድ እጅ፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ቦታ። መዝጋቢዋ ይህንን አይታ ሳታስበው እንደ ሥራ ባልደረባ አከበረቻት።

«እትዬ፣ ያስታውሱኛል?»

«የእህቱ ልጅ ነሽ» አለች ሴትዮዋ ካውያውን ሳታቆም። «በዚህ መስታወት በኩል ሁለት ጊዜ አይተሽኝ ሁለት ጊዜ ሮጠሻል። ዛሬ ምን አደከመሽ?»

መዝጋቢዋ ይቅርታ ልትል ጀመረችና ቃሉ ራሷን ቀፈፋት፤ ተወችውና የመጣችበትን ተናገረች። ስለ ሣጥኑ፣ ስለ ሦስቱ እትሞች፣ በስልክ ስለ ሰማችው ሁሉ። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ካውያውን አቁማ እጇን በሽርጧ ጠረገች። አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችምም። ልብስ የጠፋበት ደንበኛ መጥቶ ሲያማርር የምትሰማ ነው የምትመስለው።

«መቼ ነው የሞትኩት?»

«ቀኑን አልተናገሩም።»

«ጠይቂልኝ እንግዲህ። እኔም ማወቅ አለብኝ።»

መዝጋቢዋ ሸክላው መሐል ላይ የተለጠፈውን ክብ ወረቀት በስልኳ ያነሣችበትን ፎቶ አሳየቻት። ሴትዮዋ መነጽሯን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ ስልኩን አራቀችው፣ አቀረበችው። ከአርባ ስድስት ዓመት በፊት የታተመውን የራሷን ስም ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ፣ ስሟ በእሳቱ ሰ መጻፍ ሲገባው በንጉሡ ሠ እንደተጻፈ፣ ያኔም አሳታሚውን ተናግራው «ማን ያየዋል» እንዳላት ነገረቻት። መዝጋቢዋ ፊደሉን ልታርመው እንደማትችል አስረዳቻት። የተጻፈው እንደተጻፈ ነው የሚገባው፤ እርማቱ ከሥር በማስታወሻ ብቻ ሊቀመጥ ይችላል አለቻት። ይህንን ስትናገር ፊቷ ቀላ፤ ለዚህች ሴት በዚህ ሰዓት ስለ ደንብ ማውራት ዕብደት ሆኖ ታየባት። ሴትዮዋ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

«ቤተሰባችሁ ውስጥ ለአንድ ነገር የምትቆሚ አንቺ ብቻ ነሽ ማለት ነው» አለች። «ያውም ለፊደል።»

መዝጋቢዋ ምስክርነት ትሰጥ እንደሆነ፣ ደብዳቤ ትጽፍ እንደሆነ፣ አብራት ወደ ጣቢያው ትመጣ እንደሆነ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ሁሉንም እንቢ አለች። ከዚያ ሰውዬ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ከምትቆም የቆሸሸ ካፖርት በምላሷ ብታጥብ ትመርጣለች። ሞታለች ካለ ይበል፤ ሰው ያልሞተ ዘመዱን በየቀኑ ይቀብራል። ስለ ዜማዎቹ ስትጠየቅ ግን ካውያውን ከማንሣቷ በፊት አሰብ አደረገች።

«ሦስቱ ጥሩ ናቸው። ስድስቱ የችኮላ ናቸው፤ አሳታሚው ቀጠሮ ይዞብን ነበር። ያ ሰውዬ ይህንን የሚለይ ጆሮ ስለሌለው ዘጠኙንም ወሰደ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንጋፋው ራሱ መጣ። በዚህ ሙቀት አንገቱ ላይ የሐር ሻርፕ ጠምጥሟል፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ ዘፍኖ ባያውቅም ጉሮሮውን ከብርድ ይጠብቃል። በረኛው ከበር እስከ ሊፍት፣ ጸሐፊዋ ከሊፍት እስከ ወንበር አጅበው አመጡት። ኃላፊው ሻይ አስቀዳለት። መዝጋቢዋ ላፕቶፑን ይዛ ገባችና ከፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። አጎቷ «ልጄ» ብሎ ጉንጯን ነካ አደረጋትና፣ እኔ ለስም የምጨነቅ ሰው አይደለሁም፣ ለታሪክ ነው እንጂ የሚል ንግግር ጀመረ። በጋዜጣ ቃለ መጠይቅ ላይ የተናገረውን ነው ቃል በቃል የሚደግመው። እሷ ጠበቀችው። ሲጨርስ የመዝገቡን ቅጽ ከፍታ፣ በሥራ ድምጿ፣ ሳትቸኩል ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ ባለ ዜማዋ በሕይወት የለችም የሚለውን ስነካ ኮምፒዩተሩ የሞተችበትን ቀን ይጠይቀኛል። ካልተሞላ አያልፍም። መቼ ነበር?»

ሊያመነታ ይችላል ብላ አስባ ነበር። ቢያመነታ ኖሮ ምናልባት ታዝንለት ነበር። እሱ ግን ዓይኑን ወደ ጣሪያው አቅንቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መድረክ ላይ ሐዘን ሲዘፍን እንደሚያደርገው ሻርፑን ነካ እያደረገ ተናገረ። አሥራ አራት ዓመት ሆናት አለ። ክረምት መግቢያ ላይ ነበር አለ። ዝናቡ ቀብሩ እስኪያልቅ አልቆመም አለ። «አፈር ያለበስኳት እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ፣ «በእነዚህ እጆቼ።» ኃላፊው አንገቱን ደፍቶ ነፍስ ይማር አለ።

«ዛሬ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አነጋግሬያታለሁ» አለች መዝጋቢዋ። «ደኅና ናት።»

ኃላፊው አሁን ነፍስ ይማር ያለውን አፉን በሻይ ሸፈነው። የአንጋፋው ፊት ላይ እፍረት ይኖር እንደሆነ መዝጋቢዋ ፈለገች፤ ያገኘችው ንዴት ብቻ ነው፤ ቀጠሮውን የሰረዙበት ሰው ንዴት።

«ምን ፈለገች?» አለ።

«ስሟ በንጉሡ ሠ መጻፉ ስህተት ነው አለች። ሌላ ምንም።»

ይህ ያልገባው መሆኑን በዓይኑ አየች። አንድ ነገር ብትጠይቅ፣ ብትሰድበው፣ ብትከሰው ያውቅበት ነበር፤ ምንም የማይፈልግ ሰው ግን በሕይወቱ አጋጥሞት አያውቅም። ኃላፊው ነገሩን ለማርገብ ተጣደፈና ብልህ ነው ብሎ ያሰበውን መፍትሔ አመጣ፤ ሁሉም ላይ «ዜማ፦ ያልታወቀ» ተብሎ ይጻፍ፣ ማንም አይከፋም አለ። መዝጋቢዋ ላፕቶፑን አዞረችና ወደ እሱ ገፋችው። እርስዎ ኃላፊ ነዎት፣ ሥልጣኑ አለዎት፣ ይጻፉት አለችው። መዝገቡ ለውጡን ያደረገውን ሰው ስምና ሰዓት ለዘለዓለም እንደሚይዝ፣ ስለዚህ በእሱ ስም መሆን እንዳለበት አስታወሰችው። ኃላፊው መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ አለ። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነበር። ላፕቶፑን ወደ አጎቷ አዞረችው። አጎቷ እኔ የጥበብ ሰው ነኝ፣ ይኼ የጸሐፊ ሥራ ነው አለና እጆቹን፣ አፈር አለበሱ የተባሉትን እነዚያን እጆች፣ ጉልበቱ ላይ ሰበሰባቸው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንድ ቃል ለመጻፍ ፈርተው ተቀምጠው አየቻቸው። ውሸቱን ሁለቱም ይፈልጉታል፤ ግን በእሷ ጣት።

ላፕቶፑን ወደ ራሷ መለሰችና፣ እነሱ እያዩ፣ ሦስቱንም እትሞች ከፍታ አንድ በአንድ አረጋገጠች። ሸክላው፣ የሴትዮዋ ስም፣ በንጉሡ ሠ። ካሴቱ፣ የሕዝብ። ሲዲው፣ አንጋፋው። ከሸክላው ሥር በማስታወሻው ቦታ የፊደሉን እርማት ጨመረች፤ ምንጩ የሚለው ላይ «ባለስሟ፣ በቃል» ብላ ከነቀኑ ጻፈች። ከዚያ ዘጋችው።

«እናትሽ የት እንደምታድር አስበሽበታል?» አለ አጎቷ፣ በጣም ረጋ ብሎ።

አስባበታለች። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ሌላ ያሰበችው ነገር የለም። ተነሥታ ወጣች፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

አሥር ሰዓት ላይ የማተሚያ ቤቱ ሰው ሲመጣ ኃላፊው የሰጠው የዘፈኖቹን ርዕስ ብቻ የያዘ አንድ ገጽ ነው። ግጥም የማን፣ ዜማ የማን የሚለው ከነጭራሹ ወጥቷል። ሰውየው ሌላ ዝርዝር የለም ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ለአንባቢ ይከብዳል አለው። እንዲህ ያለ ሰው በሰው ፊት መዋሸት ስለሚያስፈራው በዝምታ ይዋሻል። መዝገቡን ግን ማንም ሳይነካው ቀረ። መዝጋቢዋ ከመውጣቷ በፊት ሁለት ጊዜ ከፍታ አየችው። ይህም ከምንም ይሻላል ብላ ራሷን ልታጽናና ሞከረች፤ ብዙም አልተሳካላትም።

ቤት ስትደርስ ገና አልመሸም። የአጎቷ ሾፌር ኮፍያውን በእጁ ይዞ በራቸው ላይ ቆሟል። መልእክቱን ለእናቷ አድርሶ ጨርሷል፤ ልጅዎ የቀድሞ ሚስቱን ሄዳ አነጋግራለች፣ ክፍሎቹም ስለሚፈለጉ በወሩ መጨረሻ ይልቀቁ የሚል ነው። እሱ ራሱ ያፈረ ይመስላል፤ መልስ ይዘህ ና ስለተባለ ነው የሚጠብቀው። እናቷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን ታያለች። ክፍሏ ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ከአልጋው በላይ ደግሞ በወርቃማ ፍሬም የተሰቀለ የወንድሟ ትልቅ ፎቶ፣ ማይክ ጨብጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። መዝጋቢዋ ቦርሳዋን አስቀምጣ ስድቡን ጠበቀች። ያጎረሰሽን እጅ ነከስሽ ትለኛለች፣ ለአንድ ሸክላ ብለሽ ጎዳና ላይ አወጣሽኝ ትለኛለች ብላ ነበር። እናቷ ግን፣ ሾፌሩ እየሰማ፣ ስለ ሴትዮዋ አንድ ጥያቄ ጠየቀች።

«ሸብታለች?»

«ሙሉ በሙሉ። ግን ቀና ብላ ነው የምትሄደው።»

«አንቺ ሳትሰሚ ለሠፈሩ ሁሉ ሞተች እያልኩ ያወራሁት እኔ ነኝ» አለች እናቷ። «በይ አለኝ፤ አልኩ። ጥቁር ልበሺ ቢለኝም እለብስ ነበር።»

ከዚያ ተነሣች። የጉልበቷን ሕመም እያቃሰተች አልጋው ላይ ወጣች፤ ልጇ ልትደግፋት ብትጠጋ በእጇ ከለከለቻት። ፎቶውን ከግድግዳው አወረደችና አቧራውን በቀሚሷ ጠርዝ እንኳ ሳትጠርግ ለሾፌሩ አቀበለችው። የነበረበት ቦታ ከቀሪው ግድግዳ ይልቅ የነጣ አራት ማዕዘን ሆኖ ታየ።

«እማማ፣ ምን ብለዋል ልበላቸው?» አለ ሾፌሩ።

«ምንም አትበለው። ዕቃውን ነው የመለስኩለት።»

ሾፌሩ ፍሬሙን በብብቱ ይዞ ግቢውን እስኪሻገር ድረስ አልጋው ላይ እንደቆመች አየችው። ቀጥሎ ወደ ግድግዳው ዞራ ሚስማሩን በሁለት ጣቷ ይዛ ወዲያና ወዲህ ታወዛውዘው ጀመር። መዝጋቢዋ ተዪው፣ ለዚህ ደግሞ ምን አደከመሽ አለቻት።

«አልተወውም» አለች እናቷ፤ ሚስማሩ ከነኖራው ተነቅሎ እጇ ላይ ወደቀ። «ይኼን የገዛሁት እኔ ነኝ።»